ስለ ዘር ለቃሚዎቹ ትናንሽ ወፎች ወገንና ስም

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፥ ከቦሌ አንሥቶ እስከ የካና እስከ ኮተቤ ድረስ ባለው ሰፈር፥ ጠዋት ፀሓይ ሳትበረታ በግቢ አጥር ላይ የሚያርፉ፥ መልካቸው ቡናማ፥ ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር የሚያንስ ትናንሽ ወፎች አሉ። ሁለት ሁለት ወይም አራት አምስት እየኾኑ ይመጣሉ፤ ከአጥሩ ወርደው ከመሬት የወደቀውን የሣር ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሰው ሲቀርባቸው ሩቅ አይሸሹም፤ ከግራዋው ቅርንጫፍ ላይ ዘወር ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ስማቸውን የሚጠይቅ ግን የለም። ልጅ ቢጠይቅም «ድንቢጥ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ድንቢጥ ማለትም በአነጋገራችን ትንሽ ወፍ ማለት እንጂ አንዱን ዐይነት ከሌላው የሚለይ ስም አይደለም።

ይህ ነገር ለጨዋታ ያህል የሚጻፍ አይምሰላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ለዘመድ ለቅሶ ሄጄ ነበረ። ጊዜው ገብሱ ያሸተበት ወራት ነበረና ልጆች በማማ ላይ ኾነው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቁ ነበረ። ወደ ማታ ጊዜ የገደሏቸውን ወፎች በክር አስረው «ግሪሳ ገደልን» እያሉ ወደ ለቅሶው ቤት መጡ። ሽማግሌዎቹም መረቋቸው። ከወፎቹ መካከል ጭረት ያለበት ደረትና ከዐይን በላይ ነጭ ቅንድብ ያላቸው ነበሩበት፤ አንዱም እንኳ የግሪሳ ቀይ መንቈር አልነበረውም። እኔም ዝም አልሁ፤ ዝም ማለቴም ከትሕትና ሳይኾን ልዩነቱን ስለማላውቅ ነበረ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ስመለከት ልጆቹ የገደሉት የግሪሳ ዘመድ እንኳ አለመኾኑን ተረዳሁ። ይህችን ጽሑፍ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር መኾኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ፍጥረትን በየወገኑ መክፈል ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት በሐሙስ ቀን ከውሃ የተፈጠሩት በደመ ነፍስ ሕያዋን የኾኑት በሦስት ይከፈላሉ፤ በልባቸው የሚሳቡ፥ በእግራቸው የሚሽከረከሩ፥ በክንፋቸው የሚበሩ ተብለው። ይህ አከፋፈል በአካሄድ የተደረገ ነው። ነገር ግን ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የቅኔ ቤት የግስ ትምህርት ነው። ተማሪው ግሱን ሁሉ በየአርእስቱ ሥር ያሰልፈዋል፤ ቀተለ አንድ አርእስት ነው፥ ቀደሰም አንድ፥ ባረከም አንድ፤ ቍጥራቸው በየጉባኤ ቤቱ ቢለያይም ሥርዐቱ አንድ ነው። በእያንዳንዱ አርእስት ሥር የሚከተሉትም ሠራዊት ይባላሉ።

እንግዲህ ፈጠረንና ፈጸመን በብራና ላይ ጽፋችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው፤ ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር በግእዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። በዐይን የሚፈርድ ሰው የአንድ አርእስት ሠራዊት ናቸው ይላል። ሲረቡ ግን ፈጠረ ይፈጥር ይላል፥ ፈጸመ ደግሞ ይፌጽም ይላል፤ ያን ጊዜ ፈጠረ የቀተለ፥ ፈጸመ የቀደሰ ወገን መኾኑ ይገለጣል። ስለዚህ የግስ መምህር በመልክ አይፈርድም፤ በእርባታው ይፈርዳል። የወፍ ሊቃውንትም ሁለት መቶ ዓመት ያህል በመልክ ሲፈርዱ ኖረው በመጨረሻ ወደ እርባታው መሄዳቸውን ከዚህ በታች ታያላችሁ።

በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የስም ሥርዐት ያቆመው ካርል ሊኔ የሚባል የስዊድን ሊቅ ነው። በ1758 ባወጣው መጽሐፉ ለእንስሳ ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ሰጠ፤ መጀመሪያው የወገን ስም፥ ሁለተኛው የዐይነቱ የራሱ ስም ነው። እኛ የልጁን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን፤ እርሱ ግን የቤቱን ስም አስቀድሞ የልጁን አስከተለ እንጂ ነገሩ ከእኛው ጋራ አንድ ነው። ስሙም በላቲንና በግሪክ ቋንቋ ነው፤ ይህም በአንድ አገር ሕዝብ ቋንቋ እንዳይታሰር ነው። ከወገን በላይ ቤተ ሰብ፥ ከቤተ ሰብ በላይ ነገድ አለ።

የምንነጋገርባቸው ወፎች ነገዳቸው ቅርንጫፍ ጨብጠው የሚያርፉት ናቸው። ሦስት ጣት ወደ ፊት፥ አንድ ጣት ወደ ኋላ አላቸው፤ ወፉ ተቀምጦ ጕልበቱን ሲያጥፍ በእግሩ ውስጥ ያለው ጅማት ጣቶቹን ይስባቸውና በቅርንጫፉ ላይ ይቈልፋቸዋል፤ ስለዚህ ሌሊት ተኝቶ አይወድቅም። በዓለም ካሉት 11,000 ከሚያህሉት የወፍ ዐይነቶች ከእኩሌታው የሚበልጡት ከዚህ ነገድ ናቸው። በኢትዮጵያ ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዐይነቶች ተቈጥረዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው።

በዚህ ነገድ ውስጥ መንቈራቸው አጭርና ወፍራም ኾኖ ዘር የሚፈለፍሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ስላሉ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግሪሳ ጎጆውን ከሚፈትሉት ከሸማኔዎቹ ወፎች ቤተ ሰብ ነው። በቤት ክዳን ሥር የሚገባው፥ ከሰው ጋራ የሚኖረው ድንቢጥ ሌላ ቤተ ሰብ ነው። በግቢያችን የሚለቅመው ያ ትንሹ ቀይ ወፍ ደግሞ ሦስተኛ ቤተ ሰብ ነው። ዛሬ የምንጽፍላቸው ዘር ለቃሚዎች አራተኛ ናቸው፤ ፈረንጆች በቀፎ አስቀምጠው ስለ ዜማው የሚያሳድጉት የካናሪያ ደሴቶች ቢጫ ወፍ ዘመዶች ናቸው። አራቱም ዘር ይበላሉ፤ አራቱም ትናንሽ ናቸው፤ አራቱም በአንድ ግቢ ይገናኛሉ።

ሳይገደሉ የሚለዩበት ምልክት ግን አለ። መጀመሪያው ጎጆ ነው። የሸማኔዎቹ ጎጆ የተፈተለ፥ ከላይ የተሸፈነ፥ በር ያለው ነው፤ የዘር ለቃሚዎቹ ግን እንደ ጽዋ ከላይ የተከፈተ ኾኖ ከሣርና ከሥር ተሠርቶ በቅርንጫፍ መካከል ይቀመጣል። ሁለተኛው አመጋገብ ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች ለጫጩቶቻቸው ትል ይዘው ሲመጡ እነዚህ ግን ዘሩን በልተው ከጕሮሮአቸው መልሰው ያጐርሷቸዋል። ሦስተኛው ጅራት ነው፤ የዘር ለቃሚ ጅራት ጫፉ በመካከል ገባ ያለ ነው። የክንፋቸውን ላባ የቈጠሩ ሊቃውንት ደግሞ ከዋነኞቹ ላባዎች የሚታዩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው ይላሉ፤ ዐሥረኛው እጅግ አንሶ ስለ ተሸሸገ ነው። ይህ ግን ወፍ በእጅ ካልተያዘ አይታይምና ለተማሪ አያሻውም።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ኤድዋርድ ሩፐል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ከ1831 ጀምሮ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ተዘዋወረ። ዘመነ መሳፍንት ነበረና መንገዱ ያሰጋ ነበረ፤ እርሱ ግን የአራዊትና የአዕዋፍ ቈዳ፥ ደግሞም የብራና መጻሕፍት እየሰበሰበ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1840 በታተመው ሥራው ከዘር ለቃሚዎቹ መካከል ብቻ አምስት ዐይነቶችን በአንድ ዓመት ሰይሟል። አንዱን ሦስት መሥመር ያለው ሲል ትሪስትሪያታ፥ አንዱን ጥቃቅን ጭረት ያለበት ሲል ስትሪዮላታ፥ አንዱን ጥቍር ራስ ሲል ኒግሪኬፕስ፥ አንዱን ወገቡ ቢጫ ሲል ክሳንቶፒጊያ፥ አንዱንም በአውሮፓ ያለችውን ኪትሪኔላ የምትባል ወፍ የሚመስል ሲል ኪትሪኔሎይዴስ አለው። የአገሬው ሰው ምን እንደሚላቸው ግን በስሙ ውስጥ አልገባም፤ እኔ ይህን ሳስብ ይቈጨኛል።

እነዚህን ወፎች መለየት ለለመደ ዐይን አያስቸግርም። ትሪስትሪያታ በመጀመሪያ የጠቀስሁት የቦሌው ወፍ ነው፤ ቡናማ ኾኖ ከዐይኑ በላይ ቀጭን ነጭ ቅንድብ አለው፥ ጕሮሮው ሥር ነጣ ይላል። ከኢትዮጵያ፥ ከኤርትራና ከሰሜን ሶማሌ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በአዲስ አበባ ግቢዎች ግን እጅግ የተለመደ ነው። ቦሌ ዱሮ የእርሻ አገር ነበረ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እርሻው ቤትና መንገድ ሲኾን ብዙ ዐይነት ወፍ ለቆ ሄዷል፤ ይህ ግን አጥርና ዛፍ እስካገኘ ድረስ አለቀቀም። ስትሪዮላታ ከእርሱ ተለቅ ይላል፤ ደረቱና ሆዱ በጭረት የተሞላ ነው፥ ቅንድቡም ሰፊ ነው፤ እስከ ታንዛንያ ድረስ ይኖራል። ኒግሪኬፕስ ደጋውን የሚወድ ኾኖ ወንዱ አካሉ ቢጫና አረንጓዴ፥ ራሱ ጥቍር ነው። ኪትሪኔሎይዴስ ደግሞ ወንዱ ቢጫ፥ ጀርባው አረንጓዴ ከጭረት ጋራ፥ ፊቱ ጥቍር ነው። ክሳንቶፒጊያ ተቀምጦ ሳለ ግራጫ ነው፤ ሲበር ግን ቢጫው ወገብ ይታያል።

አንባቢ ሆይ፥ አሁን ፍርድ ስጥ። ሦስቱን ብቻ እንውሰድ፤ ጥቍር ራሱን፥ ጥቍር ፊቱንና ቡናማውን የቦሌ ወፍ። ከሦስቱ ሁለቱ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፥ አንዱ የሌላ ነው ብትባል የትኛውን ትለያለህ? ማንም ቢኾን ሁለቱን ቢጫዎች ባንድ አድርጎ ቡናማውን ያወጣል። ሊቃውንቱም በቀድሞ ጊዜ እንደዚህ አደረጉ፤ ቡናማዎቹንና ግራጫዎቹን ፖሊዮስፒዛ በሚባል ወገን፥ ቢጫዎቹን በሌላ ያኖሯቸው ነበረ። ፖሊዮስፒዛ ማለት በግሪክ ግራጫ ወፍ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ በመልክ መፈረዱን ይናገራል። ኋላ ግን አንድ ወፍ ቡናማ መኾኑ ዘመድ እንደማያሰኘው አይተው ሁሉንም ሴሪኑስ በሚባለው ወገን ጠቀለሏቸው። ሴሪኑስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ኮኽ የሚባል ጀርመናዊ በ1816 ነው፤ የካናሪያው ወፍም ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ብዙ ዘመን የአፍሪካ ዘር ለቃሚዎች ከካናሪያው ወፍ ጋራ አንድ ቤት ሠራዊት ኾነው ተቈጠሩ።

ነገሩን የለወጠው ዲ ኤን ኤ የሚባለው ነው። ይህ በሕያው ፍጥረት ሕዋስ ሁሉ ውስጥ የሚገኝ፥ ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፥ እንደ ጽሑፍ በተራ የተሰለፈ ነገር ነው። ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስታል፤ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጠውም ያንኑ ስሕተት ይወርሳል፤ ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዐይነት ስሕተት ቢገኝባቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ መውጣታቸው ይታወቃል። በዲ ኤን ኤም እንደዚሁ ነው። ላባ በአየርና በአገር ይለወጣል፥ ጽሑፉ ግን የትውልዱን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ይህ እንግዲህ የወፉ እርባታ ነው።

በ2009 እና በ2012 የወጡ ጥናቶች በዚህ መንገድ የቤተ ሰቡን ወፎች ቢመረምሩ ሴሪኑስ የተባለው አንድ ወገን ኾኖ አልተገኘም፤ ሁለት የተለያየ ሥር ያላቸው ተቀላቅለውበት ነበረ። አንደኛው ክፍል የካናሪያውን ወፍና የቅርብ ዘመዶቹን የያዘ ኾኖ ሴሪኑስ የሚለውን ስም አስቀረ፤ በውስጡም የቀሩት 8 ዐይነቶች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል እጅግ ሰፊው ነው፤ ከሠላሳ የሚበልጡ የአፍሪካና የዐረብ አገር ዐይነቶች አሉበት። ለዚህኛው አዲስ ስም ማውጣት አላስፈለገም፤ ስዌንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1827 ያወጣው ክሪታግራ የሚል ስም ተጥሎ ነበረና እርሱ ተነሣ። የቀደመ ስም ካለ በእርሱ መጠራት የሊቃውንቱ ሕግ ነው።

ክሪታግራ ከሁለት የግሪክ ቃል የተሠራ ነው፤ ክሪቴ ገብስ ነው፥ አግራ ማደን ነው። ስለዚህ ወገኑ በእኛ ቋንቋ ገብስ አዳኝ ይባላል። ስዌንሰን ስሙን ያወጣው ለደቡብ አፍሪካ ወፍ ሲኾን የእኛን ገበሬ ያየ ይመስላል። ነገር ግን ስም ከግብር ይበልጣል፤ እነዚህ ወፎች ገብስ ቢቀምሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በሣርና በአረም ፍሬ ነው፥ እንደ ግሪሳም አገር የሚያጨልም መንጋ ኾነው አይመጡም።

አሁን ፍርዱን እናንብብ። ቡናማው የቦሌ ወፍ ክሪታግራ ኾነ። ጥቍር ፊቱ ኪትሪኔሎይዴስም ክሪታግራ ኾነ። ጥቍር ራሱ ኒግሪኬፕስ ግን በሴሪኑስ ቀረ። በአንድ አጥር ላይ ከጥቍር ፊቱ ጋራ ተቀምጦ ሲታይ ወንድሙ የሚመስለው ይህ የኢትዮጵያ ደጋ ወፍ፥ ከጎረቤቱ ይልቅ በአትላንቲክ ባሕር ደሴት ላለው ለካናሪያው ወፍ ይቀርባል። በአገራችን ከእርሱ ጋራ በሴሪኑስ የቀረ ሌላ ፍላቪቬርቴክስ የሚባል፥ ግንባሩና ዐናቱ ቢጫ የኾነ ወፍ አለ፤ እርሱንም የሰየመው በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ መቅደላ የመጣው ብላንፎርድ ነው፤ ስሙ የወጣው በ1869 ነው። ስለ ጥቍር ፊቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀድሞ እስከ ደቡብ ድረስ ያሉት የእርሱ ዐይነቶች ሁሉ አንድ ተብለው ሲቈጠሩ ኖረው ዛሬ በሦስት ተከፍለዋል፥ የመጀመሪያው ስም የቀረውም ለእኛው ወፍ ነው።

እዚህ ላይ የሰዋስው ሰው የሚደሰትበት ነገር አለ። በላቲን የወገን ስም ወንድ ወይም ሴት አለው፤ ቅጽሉም ከእርሱ ጋራ መስማማት አለበት፤ በግእዝም ቡሩክ ብእሲ፥ ቡርክት ብእሲት እንደሚባለው ነው። ሴሪኑስ ወንድ ነው፥ ክሪታግራ ሴት ናት። ስለዚህ ወፉ በሴሪኑስ ሳለ ትሪስትሪያቱስ ይባል የነበረው ወደ ክሪታግራ ሲዛወር ትሪስትሪያታ ተባለ፤ ስትሪዮላቱስም ስትሪዮላታ ኾነ። ኒግሪኬፕስ ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነውና ቢዛወር እንኳ አይለወጥም ነበረ። ደግሞም ወፉ ከመጀመሪያው ወገኑ ወደ ሌላ ሲዛወር የሰያሚው ስም በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ በአሮጌና በአዲስ መጽሐፍ የሩፐልን ስም አንድ ጊዜ በቅንፍ፥ አንድ ጊዜ ያለ ቅንፍ ስታዩ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይምሰላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሸዋ ነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ በገደል አፋፍ ላይ ያለ የጥንት የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነው። በ1976 ጆን አሽ የሚባል የወፍ ሊቅ በዚያ አፋፍ ላይ በመንጋ ኾኖ መሬት ለመሬት የሚለቅም፥ ቡናማ፥ በጭረት የተሞላ ትንሽ ወፍ አየ፤ ከታወቁት ጋራ ቢያስተያየው አንዱንም አልኾነም። በ1979 አዲስ ዐይነት መኾኑን ጽፎ አንኮቤሬንሲስ፥ ማለት የአንኮበር፥ ብሎ ሰየመው። እነሆ፥ ከአምስቱ የሩፐል ስሞች አንድ እንኳ ያላገኘነውን የአገር ስም ይህ ወፍ አገኘ። ብዙ ዘመን ከአንኮበር ዙሪያ በቀር አይገኝም ሲባል ኖሮ ኋላ በሰሜን ተራሮችም ታየ። የሚኖረው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋና ከዚያም ከፍ በሚል ደጋ በገደልና በአለት ዳር ነው፤ እርሻው እስከ አፋፉ ሲደርስ ስፍራው ስለሚጠብበት ለጥፋት ከተጋለጡት ዐይነቶች ተቈጥሯል።

ከአንኮበር ወደ ቈላ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1870ዎቹ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አግኝተው በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ ተቀምጠው ነበረ። በ1880ዎቹ ከአንኮበር አካባቢ የተገኙ የሦስት ትናንሽ ግራጫ ወፎች ቈዳ ወደ ኢጣልያ ሄደ፤ ጕሮሮአቸው ላይ ቢጫ ነጥብ ነበረባቸው። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የሚባል የቱሪን ሊቅ በ1888 ፍላቪጉላ፥ ማለት ቢጫ ጕሮሮ፥ ብሎ ሰየማቸው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ያን ወፍ በሕይወቱ ያየ ሊቅ አልተገኘም።

ሦስት ቈዳ ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ይጠራጠራል። በ1974 በወጣ ጥናት ፍላቪጉላ ራሱን የቻለ ዐይነት ሳይኾን የሌሎች ሁለት ዐይነቶች ድቅል ነው የሚል ፍርድ ተሰጠ። ነገሩ ከላይ ሲታይ የቃል ክርክር ይመስላል፤ ግን ድቅል የተባለ ወፍ በዐይነቶች መዝገብ አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረም እንዲጠበቅ አይታዘዝለትም፤ ቢጠፋም ጠፋ የሚለው የለም። በመዝገብ ቤት ሥራ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስሙ ከመዝገብ የወጣ ባለ ጕዳይ በደጅ ቆሞ ሳለ የለም ይባላል።

በ1989 ግን አሽ ከአንድ ባልንጀራው ጋራ በዚያው ከአንኮበር በታች ባለው ደረቅ፥ ግራር በሚበቅልበት ቍልቍለት ወፉን በሕይወቱ አገኘው። አንድ ሁለት ብቻ አልነበረም፤ ጕሮሮአቸው ሁሉ አንድ ዐይነት ቢጫ፥ መልካቸው የተስተካከለ ነበረ። ድቅል ቢኾን ኖሮ አንዱ ወደ አባቱ፥ አንዱ ወደ እናቱ ያደላ ነበረ፤ እንደዚህ በአንድ መልክ ጸንተው ራሳቸውን እየተኩ አይገኙም ነበረ። ስለዚህ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። ዛሬ ክሪታግራ ፍላቪጉላ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የለም፤ ቍጥሩም ጥቂት ስለ ኾነ እጅግ ከሚያሰጉት ዐይነቶች መካከል ይጻፋል። የወፍ ተመልካቾች እርሱን ለማየት ከአንኮበር ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ይወርዳሉ። በዚያ ቍልቍለት ለማገዶና ለከሰል የሚቈረጠው ግራር የእርሱ ቤት ነው።

እንግዲህ መምህራን ይህን ለተማሪ ሲያስተምሩ ወፍ አስገድለው አያስመጡ። ተማሪው ማልዶ በአጥር አጠገብ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አስቀድሞ መንቈሩን፥ ቀጥሎ ቅንድቡን፥ ቀጥሎ ደረቱ ጭረት ያለበት መኾኑንና አለመኾኑን፥ ሲበርም የወገቡን ቀለም ይይ፤ ያየውንም ከእነ ወሩና ከእነ ስፍራው ይጻፍ። ጎጆ ቢያገኝ አይንካው፤ የተከፈተ ወይም የተሸፈነ መኾኑን ብቻ ይመልከት። ይህን ለአንድ ዓመት የጻፈ የመንደር ትምህርት ቤት፥ የትኛው ወፍ በአዝመራ ጊዜ ብቻ እንደሚመጣ፥ የትኛውም ዓመቱን ሙሉ እንደሚቀመጥ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ሽማግሌዎችም በየአገሩ ለእነዚህ ወፎች ልዩ ልዩ ስም ካላቸው ለመምህሩ ያጽፉት፤ ስሙ ሳይጻፍ ከሽማግሌው ጋራ እንዳይቀር።

ባለፈው ዓመት ወደዚያች ወደ ለቅሶዋ መንደር ተመልሼ ነበረ። ልጆቹን ከመረቋቸው ሽማግሌዎች አንዱ በሕይወት ነበሩ። ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠን ሳለ ከኮሽሙ አጥር ላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ወፍ መጥቶ አረፈ። «አባቴ፥ ያን ጊዜ ልጆቹ የገደሉት ይህን ነበረ፤ ግሪሳ አይደለም፤ ጎጆውንም እንደ ግሪሳ አይፈትልም» አልኋቸው። ሽማግሌውም ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፥ ይህ እንኳ በእናቴ ጊዜም እዚሁ ነበረ፤ ግሪሳ የሚመጣው ከቈላ ነው። ታዲያ ስሙ ማነው?» አሉኝ። እኔም ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ብዬ ነገርኋቸው። ሁለት ጊዜ ሞክረው አልመች አላቸውና ሣቁ፤ ቀጥለውም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ይህን ባለ ነጭ ቅንድቡን አትምታ» አሉት፤ ልጁም ወንጭፉን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወደ ማማው ሄደ።